የእማዬ ደረቅ ጂንስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ኤምሬትስ፣ ዓጅማን ከተማ ወደምሠራበት የልብስ ሱቅ አንዲት የአገሬ ልጅ ገባች። ከመጣች ወር ያልሞላት እንደሆነች ያስታውቃል፤ ዕቃውን በእጇ አትነካም፣ በዓይኗ ብቻ ነው የምትዳስሰው። ሱቁን ሁለት ጊዜ ከዞረች በኋላ ጠጋ አለችኝና፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እህቴ፣ ለሥራ የሚሆን ጂንስ ፈልጌ ነበር። የማይለጠጠውን። በየቀኑ ብለብሰው እሺ የሚለኝን» አለችኝ።

ደስ ሲለኝ! እኛ ሱቅ የሚገባው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ለስላሳውን፣ ገላ ላይ እንደ ቆዳ የሚለጠፈውን ነው። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንዱን መዘዝኩና ወገቡን በሁለት ጡጫዬ ጨብጬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎተትኩት። ፍንክች አላለም። እንደገና ጎተትኩት።

ልጅቷ ሳቀች። «ምን አድርጎሽ ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ግን ወዲያው የበረኪና ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ መጣ። ሱቁ ውስጥ በረኪና የለም፤ ደረቅ ጂንስ በጎተትኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሆነው፤ አልለቀቀኝም። ልጅቷ የገዛችውን ይዛ ከሄደች በኋላ፣ ይሄንን ነገር ለምን አልጽፈውም አልኩ። መጻፍ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። አዲስ ስለሆነብኝ ይሁን አላውቅም፣ ሰሞኑን ዓይኔ ያየው ሁሉ «ጻፊኝ፣ ጻፊኝ» የሚለኝ ይመስለኛል። ይሄኛው ግን ከሁሉም በፊት ተራ ይዞ ቆይቷል።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከደሴ ስመጣ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ በጉብኝት ቪዛ፣ ለሁለት ወር ብላ ነው ያስመጣችኝ። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ የማውቃት በስልክ ነበር፤ ፊቷ የሚቆራረጥ፣ ድምፅዋ ከከንፈሯ ኋላ የሚደርስ እናት። አውሮፕላን ማረፊያ ስታቅፈኝ ቁመቷ ከእኔ ማነሱ አስደንግጦኝ ነበር። ገና እየተላመድን ሳለ፣ ወር እንኳን ሳይሞላኝ፣ ኮሮና መጣ፣ በረራው ቆመ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ደሴም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሁለት ወር ብዬ የመጣሁት ልጅ ቀረሁ።

የምንኖረው ሻርጃ፣ አል ተዓውን ነበር። መስኮታችን ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ መንገድ ተሻግሮ ትንሽ ሲኬድ ዱባይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም ቢድ ስፔስ፤ ማለትም የአልጋዋን ቦታ ብቻ የተከራየች። እኔ ሰባተኛ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር በአንድ አልጋ፣ አንዳችን በራስጌ አንዳችን በግርጌ እንተኛ ነበር።

እማዬ ዱባይ፣ ናይፍ ገበያ ውስጥ ካርጎ ቤት ትሠራ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች የገዙትን ልብስ አጣጥፋ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በጉልበቷ ተጭና ታስራለች። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት አል ዋርቃ፣ አንዲት ማዳም ቤት ነበረች። እዚያ ሳለች ነጭ ኮሌታ ካለው የሠራተኛ ቀሚስ ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ ሰርግ ሲሆንም፣ ሱቅ ስትላክም፣ ፋሲካ ሲሆንም ያው ቀሚስ። ከዚያ ቤት ኸላስ፣ በቃኝ ብላ በወጣች ቀን፣ ሻንጣዋን ሳታሳርፍ ናይፍ ገብታ የገዛችው የመጀመሪያ ነገር ጂንስ ነው። እኔ እንደመጣሁ እሱን ጂንስ ነው አውጥታ ያሳየችኝ፤ ሰው ሥዕል እንደሚያሳይ።

አንድ ዓርብ፣ ነገሩ ሁሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ ካርጎ ቤት ወስዳኝ የሱሪ ክምር ፊት አስቀመጠችኝ። «እጅሽን አምጪ» አለችኝ። «በወርዱ ጎትቺው። እሺ ብሎ ከመጣልሽ ላስቲክ አለው፣ ተይው። ውስጡ የተሰፋችውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ጽሑፍ ግን ይዋሻል፣ ስለዚህ ከጫፉ ክር መዝዘሽ አቃጥዪ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸትሻል፣ አመድ ይሆናል። ላስቲክ ካለው ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ቅማል እንቁላል ይንጠለጠላል።»

«ኧረ እማዬ!»

«ሌላ ምን ይመስላል ታዲያ? ከዚያ ቆልፊውና ወገቡን አጣጥፈሽ አንገትሽ ላይ ጠምጥሚው። ሁለቱ ጫፍ ማጅራትሽ ላይ ከተገናኘ ልክሽ ነው፤ ሳትለኪው ግዢው። ይሄ ግን ለደረቁ ጂንስ ብቻ ነው። የሚለጠጠው ለሁሉም አንገት እሺ ይላል።»

«ይሄን ያህል ምን ያስጨንቅሻል? ሱሪ ሱሪ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ነው የምውለው፣ ቤዛ። ላስቲክ ያለው በሁለት ወሩ ጉልበቱ ይንዘላዘላል። ሱሪዬ ከእኔ ቀድሞ እንዲያረጅ አልፈልግም።»

ሐምሌ ላይ፣ ሥራ ተከፍቶ እማዬ ናይፍ መመላለስ ከጀመረች በኋላ፣ ማሳል ጀመረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳል ማለት ምን ማለት እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይንጎራጎራል። ከእኛ ሥር፣ በተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ የምትተኛው ገነት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀልድ የማይጠፋባት ልጅ ነበረች፤ ያን ቀን ፎጣዋን አንስታ ከእኛ አልጋ ራቅ አድርጋ ሰቀለችው። የክፍሉ ታላቅ እትዬ አሰለፈች ነበሩ። ምግብ እየሠሩ ለአገር ልጆች ይሸጣሉ፤ ማንም ከማንም ሲጣላ ቃላቸው መጨረሻ ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አፍልተው ለሁላችንም ቀዱልን፤ ጉሮሮ የሚልጥ ነገር። እማዬ ጠጣችና «ምንም አይሸተኝም» አለች። እትዬ አሰለፈች ማንቆርቆሪያውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እማዬ ጀላቢያዋን ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ደረጃ የወጣ ሰው እንደሚተነፍስ ትተነፍስ ነበር። እትዬ አሰለፈች አምቡላንስ ጠሩ። ከእግር እስከ ራሳቸው በነጭ የተሸፈኑ ሁለት ሰዎች መጡ። ዓይናቸው እንኳን በመነጽር ተሸፍኗል። እማዬ ራሷ ተራምዳ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝና እጇን ዘረጋችልኝ።

ወደ ኋላ አልኩ።

አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ጀርባዬ ፍሪጁን ሲነካው ተሰማኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። አስቤ አልነበረም፤ እግሬ ነው የሄደው። እማዬ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሻሿን አስተካከለች፤ መጀመሪያም ለሻሹ ያነሳችው አስመሰለች። ከዚያ አሳንሰሩ ተዘጋ።

ሁላችንም ተመረመርን፤ የሁላችንም ነጻ ሆነ። ቢሆንም ዐሥራ አራት ቀን ከክፍል እንዳንወጣ ተባልን። በሁለተኛው ቀን ገነት አልጋው ብረት ላይ የተንጠለጠለውን የእማዬን ጂንስ በአገጯ እያሳየች፣ «ይሄ ነገር ይጣል። ልብስ ላይ ይቆያል ይላሉ። እኔ ከሥሩ አልተኛም፣ ዋላሂ» አለች።

«አንቺ ገነት!» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ሰውየዋ በሕይወት እያለች ልብሷን ትጥያለሽ? ምን ልትዪ ነው? አፍሽን ያዢ!»

«ታዲያ ይታጠባ!»

«ይታጠብ። መታጠብ ሌላ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጇ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ማጠብ ያለብኝ። በእጄ ለመንካት ስላልደፈርኩ፣ የእናቴን ጂንስ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አንስቼ፣ እንደ ሞተ እባብ ከፊቴ አርቄ፣ መታጠቢያ ቤት ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። የበረኪናውን ጠርሙስ በሙሉ ገለበጥኩበት። ውሃ አልጨመርኩም። ውሃ ያቀጥነዋል፣ ያደክመዋል ብዬ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ማውጣት ነበረብኝ፤ ፈራሁ፤ እስኪመሽ ተውኩት።

ሳወጣው ሰማያዊው ጠፍቶ የጥርስ ቀለም ሆኗል። በደንብ ልጨምቀው ስይዘው ጉልበቱ ጣቶቼ መሐል እንደ ራሰ ኩብዝ፣ እንደ ዓረብ ቂጣ ተፈረፈረ። ሌላውንም ስይዘው እንደዚያው። ተቀድዶ ቢሆን ይሰፋል፤ ይሄ ግን ቀልጦ ነው የወጣው። የተረፈው ወገቡ ብቻ ነበር፤ ድርብ ስለሆነ፣ ቁልፉና አራቱ የቀበቶ ማስገቢያ ያሉበት። እሱን በመቀስ ቆርጬ ደበቅሁት። እጄ ለሁለት ሳምንት ተላጠ። እየተላጠ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ይገባኛል እል ነበር።

እማዬ ኦክስጅን ላይ ነበረች። ሆስፒታሉ ሰው አያስገባም። አንዲት ነርስ አልፎ አልፎ ትደውልና በእንግሊዝኛ «ደህና ናት፣ ያው ናት» ትለናለች። «ያው ናት» የሚለውን እየደጋገምኩ እተኛለሁ። ያው ማለት መኖር ነው እያልኩ።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ከገባ በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። እማዬ ራሷ ናት። ድምፅዋ እንደ ላላ ክር ነው።

«ቤዛዬ፣ ከነገ ወዲያ ልውጣ ነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ዝም በይና ስሚኝ፣ ትንፋሽ የለኝም። የመጣሁበትን ጀላቢያ ጥለውታል። ጂንሴን አምጪልኝ። ሌላ ልብስ እንዳታመጪ። እዚህ ተኝቼ ስንት ቀን ያሰብኩት እሱን ነው። በሱሪዬ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፣ በእግሬ ነው የምወጣው። እሺ?»

«እሺ እማዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ስልኩን ስዘጋ እትዬ አሰለፈች ፊቴን አይተው ገባቸው። ባልዲው ውስጥ የሆነውን ያውቃሉ። «ንገሪያት» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «አይ፣ ደግሞ አሁን ብትደነግጥስ። ትንፋሽ የለኝም ያለች ሴት» አሉ።

«ተመሳሳዩን እገዛለሁ፤ አታውቅም» አልኩ።

«እናትሽ ውብነሽ ጂንስ አታውቅም?» ብለው በኀዘን ሳቁ። «እሺ፣ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሌላም ነገር አለ። ከወጣች በኋላ ወደዚህ ክፍል ይዤያት ልምጣ ብትዪ ልጆቹ አይቀበሉሽም። አልፈርድባቸውም፤ ፈርተዋል። ዓጅማን ጓደኛዬ አንዲት ጠባብ ክፍል አላት፤ ነግሬያታለሁ፤ ከሆስፒታል ቀጥታ ወደዚያ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር መኪና፣ ከኋላ ወንበር እኔ በአንዱ መስኮት እርሳቸው በሌላው፣ መሐላችን ሰው እንዳይቀመጥ ቦታ ትተን፣ ወደ ናይፍ ሄድን። ከዚያ ክፍል ሳልወጣ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሁሉ ነገር አስፈራኝ። የበሩ እጀታ፣ የወንበሩ ጨርቅ፣ የሾፌሩ ጉሮሮ መጥረግ። ቪዛዬም ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ይራዘማል ተብሏል፣ ግን የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር አንገቴን ቀበር አደርጋለሁ። የቆረጥኩትን ወገብ በፌስታል ጠቅልዬ ሆዴ ላይ ይዤዋለሁ። ሙቀቱ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደማድረግ ነው።

ናይፍን የማውቀው ሲጮህ ነበር። ጋሪ የሚገፉ ሰዎች «ያላ፣ ያላ!» ሲሉ፣ ነጋዴዎቻችን በአማርኛ ሲከራከሩ። ያን ቀን ግማሹ መዝጊያ ወርዷል፤ የተከፈቱት ሱቆች በር ላይ ወንበር ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ ሙቀት መለኪያ የያዘ ሰው አለ። ግንባሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደ ምጣድ ግሏል። «ትኩሳት አለሽ ቢሉኝስ?» አልኩ። እትዬ አሰለፈች ልምድ አላቸው፤ ከቦርሳቸው በረዶ የነበረ የውሃ ጠርሙስ አወጡና፣ «ጥላ ግቢ፣ ግንባርሽ ላይ ያዢው። በሽታ አንደብቅም፣ ፀሐይዋን ነው የምናወርደው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሁሉም ስትሬች፣ የሚለጠጥ ነው። ሁለተኛውም። ሻጩ «ሁሉም ሰው ይሄን ነው የሚፈልገው፣ ለሁሉም ይሆናል» ይለኛል። እሱ «ለሁሉም ይሆናል» ባለ ቁጥር የእማዬ ድምፅ ይመጣብኛል። ደክሞኝ፣ «እትዬ፣ ካለ ነገር አንዱን ብንወስድስ? ትንሽ ቢለጠጥ ምን አለበት? ለመውጫ ብቻ» አልኩ።

«ለመውጫ ብቻ የሚሆን ጂንስ ብትፈልግ ትነግርሽ ነበር» አሉና ወደፊት ሄዱ።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነበር፤ የእኛ ነጋዴዎች ሁሉ «ባባ» ነው የሚሉት። አማርኛ ከደንበኞቹ ለቅሟል። መለኪያ ክፍሉ በቀይ ቴፕ ተዘግቷል። «መለካት የለም፣ መመለስ የለም፣ መነካካት የለም፣ እህት» አለኝ ከሩቅ። «ምን ፈለግሽ?»

«ላስቲክ የሌለው። ደረቁን።»

ዓይኑ ከማስኩ በላይ ፈገግ አለ። «አሁን ደረቁን የሚጠይቅ ማፊ፣ የለም። ቆይ።» መሰላሉ ላይ ወጥቶ ከላይ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከባድ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድም የሚል ጂንስ አወጣ። ጓንት ሰጠኝና ጎተትኩት። አልመጣም። «ክር ላቃጥል?» አልኩት። ሳቀና ራሱ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ፣ ላይተሩን ለኮሰ። ክሩ በአንዴ በራ፣ አመድ ሆነ። የተንጠለጠለ ነገር የለም። ግን ሽታው ቀረ፤ እማዬ ሽቺው ብላለች። ማስኬን ወደ አገጬ አውርጄ ጠጋ አልኩ።

ምንም።

ሌላ ክር አቃጠለ። ጭሱን አየሁት፤ ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ አየሁት። ምንም አይሸተኝም። «ምንም አይሸተኝም» አለች እማዬ ያን ቀን፣ እትዬ አሰለፈች ማንቆርቆሪያ ይዘው። በቃ ያዘኝ፣ አልኩ። ነገ እማዬ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። ባባንም አስያዝኩት፣ እትዬንም አስያዝኳቸው። ከቆምኩበት ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያልኩ፣ «እትዬ፣ አይቅረቡኝ! አይሸተኝም! አይሸተኝም!» አልኩ።

እትዬ አሰለፈች ግን ቀረቡ። ፊቴን ትኩር ብለው አዩና ወገባቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛውንም አውርጂው እንጂ!»

ጠዋት ስወጣ ከፍርሃቴ ብዛት ሁለት ማስክ ደርቤ ነበር። ያወረድኩት አንዱን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ሳወርደው የተቃጠለ ወረቀት ሽታ፣ የካርቶን አቧራ፣ የባባ ሻይ ውስጥ ያለው ሄል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ባባ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ «ሙሽኪላ የለም፣ እህት፣ ችግር የለም» እያለ ውሃ ያመጣልኛል።

ከፌስታሉ የእማዬን ወገብ አወጣሁ። ባባ የሆነ ነገር ገብቶት ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። አሮጌውን ወገብ አዲሱ ላይ አስተኝቼ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ ጫፍ በጫፍ አስተያየሁት። ልክ ነበር። ክር ታህል እንኳን አልበለጠም፣ አላነሰም። የዚያን ቀን ከሰዓት ቤት ቁጭ ብዬ፣ የሰባት ሰው ተረከዝ በታሸበት የእግር ድንጋይ የአዲሱን ጂንስ ጉልበት ፈተግሁ፤ አሮጌ እንዲመስል። እትዬ አሰለፈች ሽሮ በኩብዝ እያጎረሱኝ፣ «ውሸትሽ ያምራል» ይሉኛል።

ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታሉ በር ውጭ ቆምን። ፌስታሉን ጥበቃው ተቀብሎ ወደ ውስጥ ላከው። ከዚያ በኋላ የጠበቅነው ጊዜ ርዝመቱን አላውቀውም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚወጣው። ፈራሁ፤ ስሙን በማላውቀው ዓይነት ፍርሃት። ተሳስተው ሌላ ሰው ቢሆንስ የጠሩት፤ ጂንሱን አይታ አውቃ ብትደነግጥስ፤ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ቢያጥራትስ፤ ወጥታ ስታየኝ ያን እርምጃ ብታስታውስስ።

ወጣች። መጀመሪያ ያወቅሁት ሱሪውን ነው። ከዚያ በላይ ያለችው ሴት እማዬ እንደሆነች ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። በግራ እጇ የጂንሱን ወገብ ሆዷ ላይ ሰብስባ ጨብጣዋለች፤ ከለቀቀችው ይወርዳል። የጨበጠችው ጨርቅ ጡጫዋን ሞልቶ በጣቶቿ መሐል ይወጣ ነበር። ከእናቴ የጎደለውን ሁሉ እዚያ ጡጫ ውስጥ አየሁት። የሚለጠጠው ጂንስ ቢሆን ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ ደህና ናት ብሎ ይዋሸኝ ነበር። ደረቁ አልዋሸም። እግሯ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው።

ፊት ለፊቴ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷት ቆመች። ቁልቁል ጉልበቷን አየች።

«በእግር ድንጋይ ነው የፈተግሽው?»

እትዬ አሰለፈች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«የእኔስ የት አለ?»

«በረኪና ውስጥ ከተትኩት። ጠርሙሱን በሙሉ። ውሃ ሳልጨምር።»

«ውሃ ሳትጨምሪ?» አለች፤ ከሁሉ በላይ እሱ የገረማት ይመስል። «ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን? ሱሪውን?»

ማስኬ ውስጥ እንባዬ ገብቶ ጨው ጨው ይለኛል። «አንቺን» አልኩ።

መኪኖች ያልፋሉ። እማዬ ትንፋሽ ሰብስባ እየቆረጠች ነው የተናገረችው፤ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አለኝ።

«እጄን ስዘረጋልሽ ወደ ኋላ ስትዪ አይቻለሁ። ... እግዜር ይስጣት ነው ያልኩት። እኔ ቂል፣ ረስቼ ነው የዘረጋሁት። ... ብትይዢኝ ኖሮ እዚያ ተኝቼ ምን እሆን ነበር? አተኮሳት ይሆን፣ አሳላት ይሆን እያልኩ ነበር የማልቀው። ... እዚያ ውስጥ የያዝኩት ያቺን እርምጃ ነው፣ ቤዛ። ራቅ ብላለች፣ አልነካችኝም፣ ደህና ናት እያልኩ።»

ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋች። «አሁን ነይ፤ ፈቅደውልኛል። በአንድ እጅ ነው የማቅፍሽ፤ ሁለተኛውን ከለቀቅሁት መንገድ ላይ ራቁቴን ልቀር ነው።»

እትዬ አሰለፈች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ያን ሁለት እርምጃ ሄድኩ። የተላጠው እጄ ሻካራ ስለነበር፣ ስትይዘኝ «ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች።

ዓጅማን የገባነው በዚያው ነው፤ እስከ ዛሬም አልወጣንም። የቪዛዬ ነገር በኋላ ተስተካከለ፤ እማዬም ሳንባዋ ደረጃ እሺ እስኪላት ድረስ ብዙ ወር ፈጀባት። ያን ጂንስ ለረጅም ጊዜ በሻሽ አስራ ነበር የምትለብሰው። አጥብበን እንስፋው ስላት እንቢ አለች። «ይቆይ፣ እደርስበታለሁ» ትላለች። እኔም በየጊዜው ሳታየኝ ጡጫዋን አያለሁ። ሙሉ ጡጫ፣ ከዚያ ሦስት ጣት፣ ከዚያ ሁለት።

ዛሬ ጠዋት ይሄን ስጽፍ ከመጋረጃው ወዲያ ለሥራ ትለብስ ነበር። ጉልበቱ ነጥቷል፤ አሁን በእግር ድንጋይ ሳይሆን በካርጎ ቤቱ ወለል ነው። ስትታገል ሰማኋት።

«ቤዛ! ይሄ ሱሪ ጠቦኛል። እኔም በእርጅናዬ የሚለጠጠውን ልግዛ እንዴ?»

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እያዳመጥኩ ነበር። ረጅም አየር ሳበች፣ እስከ ሆዷ ድረስ፤ ያዘችው፤ አላሳላትም፤ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ገባ።